ማስተካከያ፦ የሰር ፖል ፒንዳር ቤት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም

ባለፈው ስለ አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል ስጽፍ፣ ሥዕሉ ላይ ያለው የለንደኑ ነጋዴ የሰር ፖል ፒንዳር ቤት «ከሥዕል በቀር ምንም አልቀረለትም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ቢሾፕስጌት በሚባለው የለንደን መንገድ ላይ የነበረው ቤት በ1666 እ.ኤ.አ. የተነሣው የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ሳይደርስበት ቆይቶ፣ በ1890 እ.ኤ.አ. ለሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ ማስፋፊያ መፍረሱ እውነት ነው። ግን ከእንጨት የተሠራው የፊት ለፊት ገጽታው ተነቅሎ ተርፏል። ዛሬም እዚያው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ወደ መንገዱ ቆልመም ብለው የወጡት መስኮቶች፣ ከሥራቸው የተፈለፈለው የእንጨት ጌጥ፣ ሁሉም አለ። ይህን መሳቴ በጣም ቆጭቶኛል።

ሌላም አለ። የሥዕሉን ደመና «በነጭ የተቀባ» ብዬው ነበር። አልተቀባም፤ ሠዓሊው ቀለም ሳያስነካው የተወው ባዶ ወረቀት ነው።