አባቱ ቆሞለታል ተብሎ ልጅ ያለ ጠበቃ ይቅር?

ጎጃም ላይ ጠበቃ ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው የመሬትና የውርስ ጠበቃ ነው፣ እንጀራውም ያለው እዛው ነው። ለልጆች በወንጀል የሚቆመውን ግን «ሌባ አስፈች» ይሉታል፣ ይሄ ስም እኔን በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው ሕጉ ልጅን እንዴት እንደሚያየው አያውቅም።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ ተግሳጽ፣ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ጠባይ ማረሚያ መግባት ምናምን የሚባሉ ልዩ እርምጃዎች አሉለት። 15 ካለፈ ግን 18 ባይሞላውም በአዋቂው ድንጋጌ ነው የሚዳኘው፣ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም፣ በቃ። እና ነገሩ ሁሉ ያለው እድሜው ላይ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ችሎት የሚቀርበው የ15 ዓመት ልጅ ሲወለድ የመዘገበው የለም። እናቱን ብትጠይቋት «በረዶው እህሉን የጨረሰው ክረምት ነው የወለድኩት» ትላለች፣ ትምህርት ቤት ያለው እድሜ ደግሞ ለመመዝገብ ሲባል የተባለ ነው። ሆስፒታል ተልኮ በኤክስሬይ የሚሰጠው እድሜም ግምት ነው። ጠበቃ ካለ የክርስትና አባቱን ፈልጎ ያመጣል፣ አብሮት የተወለደ የጎረቤት ልጅ ይጠራል፣ ከሌለ ግን ማን ይከራከርለታል?

«አባቱ አለ አይደል» ትሉኝ ይሆናል፣ ሕጉም የሚለው እሱን ነው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 174 መሠረት ፍርድ ቤቱ ለልጅ ጠበቃ የሚያቆመው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለት ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆማል ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አባት ከቆመ ምን ተጓደለ እየተባለ ይታለፋል።

እስቲ የኛን አገር አባት አስቡት። ከማቻከል ወይ ከእነማይ ገጠር ሌሊት ተነስቶ ጋቢውን ለብሶ የመጣ ሰው፣ ዳኛ ፊት ሲቆም እፍረቱ ይብስበታል፣ «ጌታየ አጥፍቷል፣ ይቀጣልኝ» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጨዋ አባት እንዲያ ነው የሚናገረው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ቀድመው «ልጀ፣ እመንና ይቅር ይበሉህ» ብለውታል። ሽማግሌ ፊት ማመን እርቅ ያወርዳል፣ ፖሊስ ጣቢያ ግን ያው ቃል ወረቀት ላይ ሰፍሮ ፈርም ይባላል፣ አባትየውም እኮ ልጁ ዝም የማለት መብት እንዳለው አያውቅም።

አሜሪካኖችም ይሄን የተማሩት በልጅ ላይ ነው። አሪዞና ውስጥ ጄራልድ ጎልት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት በስልክ ብልግና ተናገረ ተብሎ ያለ ጠበቃ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ ሊያቆይ የሚችል ማረሚያ ተላከ፣ አዋቂ ቢሆን ከ50 ዶላር ወይ ከ2 ወር እስር አይበልጥበትም ነበር። እናቱ ችሎቱ ላይ ነበረች። በ1967 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ልጅም ጠበቃ የማግኘት መብት አለው ብሎ ወሰነ።

ጠበቃው ማን ነው የሚለውም ቀላል አይደለም። ከብት ጠብቆ ያደገ ጠበቃና ከተማ ያደገው አንድ አይደሉም። ሁለት እረኞች በግጦሽ ተጣልተው አንዱ ሲፈነከት፣ ዐቃቤ ሕግ «ዱላ ይዞ ነው የሄደው» ብሎ ሆን ብሎ ተዘጋጅቷል ሊል ይችላል፣ ኧረ እረኛ ያለ ዱላ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ! ይሄን ለዳኛው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

ገንዘብ የለም የሚለውን እሰማለሁ፣ በዛ ላይ አሁን ባለው ግጭት መንገዱም ፍርድ ቤቱም እንደ ድሮው አይደለም። ግን አንቀጽ 174 ዳኛው ጠበቃ ማቆም ያለበትን ይናገራል እንጂ ከዛ ውጭ አታቁም አይልም። አባት ቢኖርም ማቆም ይቻላል። መንግሥት የሚከፍላቸው ተከላካይ ጠበቆች አሉ፣ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ፖሊስ የልጁን ቃል ከመቀበሉ በፊት ለአንዳቸው ቢደውል፣ ቁጥራቸውም ቃል መቀበያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም።