ዕድሜ ይስጥልን፣ ጋሽ ሰብሳቢ

የደሴን የቅሬ (እድር መሆኑ ነው) እና የማኅበር ሰብሳቢዎች ማማት ግፍ ነው። ምርጫ ሳያደርጉ 10 ዓመት ወንበር ላይ መክረም ቀላል ሙያ ይመስላል?

መጀመሪያ ቀን መምረጥ አለ። ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራው ሰኞ ረፋድ ነው፤ አገሩ በሙሉ ሰኞ ገበያ ወርዷልና። ማስታወቂያው ዓርብ ማታ ቢሮው ውስጥ ይለጠፋል፤ ቢሮው ተቆልፏል። ጥሩንባ ይነፋ እንዳትሉ፤ ጥሩንባ የቀብር ነው፣ ሙታንን መድፈር ይሆናል።

ሙታንን ካነሣን፣ ዋናው ጥበብ እነሱ ዘንድ ነው። ደንቡ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ስብሰባው እንዲጸና መገኘት ያለበት ሰው ቁጥር፣ ከአባላት ግማሽ ሲደመር አንድ ነው ይላል እንበል፤ መዝገቡ ላይ 300 ስም አለ። 60ዎቹ ዐርፈዋል፤ 40ዎቹ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ገብተው መዋጮ ካቆሙ ቆይተዋል። እነዚህ ቢሠረዙ 101 ሰው ይበቃል፤ ያኔ ምርጫ መጣ ማለት ነው። ጋሽ ሰብሳቢ ግን ማንንም አይሠርዙም። ስለዚህ ከቀሩት 200 ሰዎች 151 መምጣት አለባቸው፣ ከአራት ሦስቱ መሆኑ ነው። 140 ሰው አዳራሹን ቢሞላም አንገታቸውን ደፍተው «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ይላሉ። ራሳቸው ያስቀበሯቸው አባላት ወንበራቸውን ይጠብቁላቸዋል።

ትዕግሥት ያጡ አባላት ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። (እድር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይሸፈንም፤ በዚያ በኩል አቤት ማለት ድካም ነው።) «ጉባኤ ይጠራ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል፤ ጋሽ ሰብሳቢ እጅ ነሥተው ይቀበላሉ። ይጠራሉም፤ ሰኞ፣ በዚያው መዝገብ። አልሞላም። ትእዛዙ ግን ተፈጽሟል! አመልካቾቹ ቀኑና አዳራሹ እንዲወሰን፣ የአባላት ዝርዝር እንዲጣራ፣ ሌላ ሰው እንዲሰበስብ፣ በሁለተኛው ጥሪ በተገኙት እንዲወሰን ዳኝነት አልጠየቁም። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥ።

ካሊፎርኒያ ላይ ይኼ ሙያ ዋጋ የለውም። የበጎ አድራጎት ማኅበር መደበኛ ስብሰባ ከተቀጠረለት ቀን 60 ቀን ካለፈ፣ አባል አመልክቶ ፍርድ ቤት ያስጠራዋል፤ በዚያ ስብሰባ የተገኘው ድምፅ፣ ደንቡ ምንም ቢል፣ ምልዓተ ጉባኤ ነው። ለሙታን ክብር የሌለው አገር!

እኛ ዘንድ ምርጫ ቢደረግ እንኳ ስጋት የለም። ቃለ ጉባኤው ማህተም ካላረፈበት ባንኩ ፈራሚ አይቀይርም። ማህተሙ በጋሽ ሰብሳቢ ኮት የውስጥ ኪስ ነው፤ ኮቱ ደግሞ ላውንደሪ ገብቷል።