ጎበዝ ነው፣ ይወጣዋል

አንድ ዘመዴ ደወለልኝ። «አንተ የኮምፒውተር ነገር ታውቃለህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።» እንዲህ ተብሎ ተጀምሮ በሰላም ያለቀ ወሬ አላውቅም። ለልጁ ጌም ሊገዛ ነው። ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነው። «ሽፋኑ ላይ 18 ይላል። ከባድ ነው ማለት ነው? ለነገሩ የኔ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ይወጣዋል።»

ቁጥሩ የዕድሜ ገደብ እንጂ የክብደት ደረጃ አለመሆኑን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው? የምገዛው እኔ ነኝ። እኔ እንደሆንኩ 18 ካለፈኝ ስንት ዘመኔ!» አለኝ።

ይሄም ባልከፋ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «እነዚህ ጌም ሠሪዎች ትውልዱን ጨረሱት!» እያለ ጠረጴዛ የሚደበድበው ይኸው ሰውዬ ነው። (ያዋስኩትን ፍላሽም እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። እሱን ለሌላ ቀን።)

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። የዚህ የዕድሜ ገደብ ታሪክ ከእግር እስከ ራሱ እሱ ነው። ሞርታል ኮምባት የሚባለው፣ መጫወቻ ቤት ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱት የድብድብ ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አንዱ ተደባዳቢ የተሸናፊውን ልብ ከደረቱ መንጭቆ ያወጣል። ሌላው ጭንቅላት ከነአከርካሪው ይነቅላል። ልጆች ሳንቲማቸውን ጨርሰው፣ ጌሙም ቤታቸው ድረስ ገብቶ ካበቃ በኋላ፣ በ1993 መጨረሻ የአሜሪካ ሴናተሮች ተሰብስበው ደነገጡ። በዓመቱ ኢኤስአርቢ የተባለው ዕድሜ መዳቢ ተቋም ተቋቋመ። ማን አቋቋመው? ራሱ የጌም ኢንዱስትሪው። ጅቡ የራሱን ዘበኛ ቀጠረ።

የደሙ ነገርማ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ ያንኑ ጌም ለራሱ መጫወቻ ሲያመጣው ደሙን ወደ ላብ ቀየረው። ሰውየው ፊቱን ሲነረት ግራጫ ላብ ይረጫል፤ ልጆቻችን ተረፉ። ተቀናቃኙ ሴጋ ደግሞ ደሙን በሚስጥር ኮድ ቆለፈው። ሚስጥሩን የማያውቁት ወላጆች ብቻ ነበሩ። በ1997 ካርማጌዶን መጣ፤ እግረኛ በመኪና እየገጩ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጌም ነው። እንግሊዝ ውስጥ እግረኞቹ አረንጓዴ ደም ያላቸው ዞምቢዎች ሆኑ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሮቦት። ሕያው ሰው መግጨት ልጅ ያባልጋል፤ የሞተን ሰው ደግሞ መግደል ግን ነውር የለውም። ሮቦትማ ዘመድም የለው፣ ማን ያለቅስለታል?

ዕድሜ አመዳደቡም ያው ነው። ኢኤስአርቢ «ኤም» ካለ ከ17 በላይ ነው፤ «ኤኦ» ካለ ከ18 በላይ። በመካከላቸው ያለው አንድ ዓመት ነው። በዚያች አንድ ዓመት ምን እንደሚፈጸም ማወቅ የፈለገ ሳን አንድሬአስ በተባለው ጌም ላይ በ2005 የወጣውን ጉድ ያስታውስ። በዚያ ጌም ፖሊስ መግደል፣ መንገደኛ መጨፍለቅ፣ መኪና መንጠቅ ለ17 ዓመት ልጅ ተፈቅዶ ነበር። ኮዱ ውስጥ የተደበቀ አንድ የመኝታ ቤት ትዕይንት ሲገኝ ግን አገር ታመሰ። ጌሙ 18 ተባለ፣ ከመደብሮች መደርደሪያ ተለቀመ። በጥይት የሞቱት ሁሉ ያላመጡትን ጣጣ ሁለት ሰዎች ተዋደው አመጡት።

ኢንተርኔቱ ደግሞ የልደት ቀን ይጠይቃል። የአንድ ልጅ ጣት ስትሠራ አይቻለሁ። የዓመቱን ዝርዝር አንዴ ወደ ታች ላፍ አደረጋትና 1900 ላይ አቆማት። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ ገባ። እኔ ግን የእውነተኛ ዓመቴን ስፈልግ ጣቴ ደከመ።

አሁን የምር ልናደድ። ያ ቁጥር እኮ ሽፋኑ ላይ፣ ለማንበብ በሚመች ቦታ ተጽፏል። ከጎኑም ደም፣ ስድብ፣ ግድያ ብሎ ይዘረዝራል። ገዢው ያላየው መነጽር አጥቶ አይደለም። ጌሙን የሚገዛው ልጁ እንዲያርፍለት ነው። ልጁ በሩን ዘግቶ ሲተኩስ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እሱም ስልኩን ይነካካል። ዝምታ ገዝቶ ሲያበቃ ሻጩን መርገም ምን የሚሉት ዓይን አውጣነት ነው? መንግሥት ይከልክልልኝ ይላል ደግሞ።

መንግሥትም ሞክሯል። በ2005 የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ጨካኝ ጌም ለልጆች መሸጥን የሚከለክል ሕግ አወጣች። የፈረመው የግዛቲቱ አስተዳዳሪ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ነው፤ አዎ፣ ያው ፊልም ላይ በመትረየስ እንጀራውን የበላው ተዋናይ። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2010 ችሎቱ ላይ ዳኛ ኤሌና ኬገን ሞርታል ኮምባትን አነሳች። እኛ ጋ ከሚሠሩት ረዳቶች ግማሾቹ ጉርምስናቸውን እሱን ሲጫወቱ እንዳሳለፉት እርግጠኛ ነኝ አለች። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ከጎን ሆኖ ስለ ምን እንደምታወራ አላውቅም አለ።

በቀጣዩ ዓመት ሕጉ 7 ለ 2 ተሻረ። ፍርዱን የጻፈው ስካሊያ ነው።