ጭብጨባ ቀረጥ የለውም

ለጀግና የምንሰጠው ክብር ያስቀናል። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር እኛ እጅ ከገባ ምን ይጎድልበታል? ጭብጨባ አለ። የምስክር ወረቀት አለ። የኅሊና ጸሎትም አለ፤ አንድ ደቂቃ ይባልና የመድረክ መሪው በሃያ ሰከንድ ይገላግለናል። ምን ያድርግ፣ ንግግር የሚያደርጉ አሥር ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

በቅርቡ አጎቴ የተሸለሙበት በዓል ላይ ነበርኩ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ነገር ታስቦበታል፤ አበባው፣ ባነሩ፣ ሙዚቃው። መድረኩ ሰባት ደረጃ አለው፣ የእጅ መደገፊያ ግን የለውም። ጉድለት እንዳይመስላችሁ። አጎቴ ላብ እያጠመቃቸው አንድ በአንድ ሲወጡ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። የመድረክ መሪው "ቆራጥነት ማለት ይህ ነው!" አለ። መደገፊያ ቢኖር ይህን ሁሉ መች እናይ ነበር?

ሥራም አልነፈግናቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንቅና ነዳጅ እሳት መሀል ሲያደርስ የኖረ ሰው ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ፣ ቀጣሪው ከወንበሩ ተነስቶ ይጨብጠዋል። ከዚያ "የሥራ ልምድ የለህም" ይለዋል። ጥበቃ ግን ሁሌም ክፍት ነው። በር ላይ ቆሞ ለአለቃ ሰላምታ መስጠት መቼም አይጠፋውም።

እኔ ከሁሉም የምወደው የማይታወቀውን ወታደር ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወድቆ ማንነቱ ሳይለይ በጓዶቹ ሁሉ ስም የተቀበረውን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1920 ለንደን ውስጥ፣ ዌስትሚኒስተር አቤይ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሡ ራሳቸው ቀብሩ ላይ ቆመዋል። ይገባዋል! ይህ ሰው ጡረታ አይጠይቅም። ሌሊት እየቃዠ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ደጅ አይጠናም። የተረፉትም እንደሱ ጨዋ ቢሆኑ ምን ነበረበት? ችግሩ ሆድ አላቸው። በ1922፣ በዚያው ዕለት፣ እዚያው ለንደን፣ ሥራ ያጡ የቀድሞ ወታደሮች ሰልፍ ወጡ። ከሜዳልያቸው ጎን ዕቃቸውን አስይዘው የተበደሩበትን ደረሰኝ ደረታቸው ላይ ሰክተው! ሰው ለበዓል እንዲህ ለብሶ ይወጣል?

አሜሪካኖች ደግሞ ቀጠሮ ያውቃሉ። በ1924 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ጉርሻ እንዲሰጥ ወሰኑ፤ ለአብዛኞቹ የሚከፈለው በ1945 ነው። ዘማቾቹ ትዕግሥት አጡ። በ1932 ሥራ ጠፍቶ ቤታቸው ሲራብ "አሁን ስጡን" ብለው ዋሽንግተን ሰፈሩ። ጁላይ 28 ቀን ጦሩ ታንክና አስለቃሽ ጭስ ይዞ ወጣባቸው፤ መጠለያቸውም ተቃጠለ። የጥንት ጊዜያቸውን እንዲያስታውሱ ታስቦ ይሆናል።

ያው አሜሪካ በ1944 ግን ተሳሳተች። ለተመላሾች የትምህርት ክፍያና የቤት ብድር ዋስትና የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ምን ሆነ? ሚሊዮኖች ተማሩ፣ ሙያ ያዙ፣ ከሌላው ሰው እኩል ወንበር ላይ ተቀመጡ። አሁን እዚህ መሀል ማንን ለይተን እናጨብጭብለት?

በበዓሉ ማግስት አጎቴ የጉዳት አበላቸውን ለማሳደስ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እግራቸው አሁንም እንደሌለ የሚያረጋግጥ የዘንድሮ የሐኪም ማስረጃ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳዩአት።

"አባባ፣ በዓይን አይሆንም። ማኅተም ያለበት ነው የምንፈልገው።"

አጎቴ ትንሽ አሰቡ። የትናንቱን የምስክር ወረቀት ከነፍሬሙ ከፌስታል አወጡ። ማኅተም አለው፤ ያውም ሁለት። ልጅቷ ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችው።

"ይሄ ለግድግዳ ነው" ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ ቀና አለች፣ ፈገግ አለች፣ እጇንም ደረቷ ላይ አደረገች።

"ስለከፈሉልን መሥዋዕትነት ከልብ እናመሰግናለን። ቀጣይ!"