ከውሾቹ ግቢ የሚጀምር የሰው ጤና

በጎንደር ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ሰብስበው የሚያክሙና የሚመግቡ ወጣቶች በተነሱ ቁጥር «ሰው ጠግቦ ሳያድር ለውሻ?» የሚል ጥያቄ ይከተላቸዋል። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የጦርነቱንና የኑሮ ውድነቱን ጫና በየቤቱ የተሸከመ የከተማችን ነዋሪ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም የውሻን ጉዳይ ከሰው ጉዳይ ለይቶ ስለሚያይ ጥያቄው ከመነሻው ስህተት አለበት ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ልጆች የሚሠሩትን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ጎንደርን ከእብድ ውሻ በሽታ የሚጠብቃት ሥራ በአብዛኛው እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በሳቅና በጩኸት መካከል እየተሠራ መሆኑን ይረዳል።

ግቢው ወደ አዘዞ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ የታጠረ የኪራይ ቦታ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ሲሆኑ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ አሉባቸው፤ አንድ የባጃጅ ሾፌርና ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርትም አብረዋቸው ይሠራሉ። ጠዋት ግቢው ይጠረጋል፣ መዥገር ይነቀላል፣ እከክ የያዛቸው ይታጠባሉ፣ ቁስል ይጸዳል። ከዚያ ድስት ይጣዳል። ምግቡ በአጥንት መረቅ የተገነፋ የበቆሎ ዱቄት ነው። ከምግብ ቤት የሚመጣ የወጥ ትራፊ አይሰጣቸውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳልና። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ መረቁ ከወጣለት በኋላ አንድ በአንድ ተለቅሞ ይጣላል።

ይህ ድስት በዐቢይ ጾም የሚያመጣው ጣጣ ሊነገር የሚገባው ነው። የክርስቲያን ሉካንዳዎች ለ55 ቀናት ስለሚዘጉ አጥንቱ የሚመጣው በአዲስ ዓለም ካሉ ሙስሊም ባለ ሉካንዳዎች ሲሆን፣ እነርሱም ለልጆቹ ብለው በፌስታል ለይተው ያስቀምጡላቸዋል። ባለፈው ሁዳዴ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የመረቁ ሽታ ከአጥሩ ውጭ ተቀበላቸው። በሩን አንኳኩተው «ምነው ልጆቼ! ምነው በሁዳዴ!» አሉ። ድስቱን የሚያማስለው ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ስለነበር ደንግጦ ለማስረዳት ሞከረ። እርሳቸው ግን «እኛ እየጾምን ውሻ ሥጋ ይበላል?» ብለው ጠበቅ አደረጉት። ልጁም ማማሰያውን እንደያዘ «እማማ፣ እነሱ እኮ የንስሐ አባት የላቸውም» ሲላቸው፣ እናታችን የበሩን መቃን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታቸው የተረፈውን ድርቆሽ በከረጢት እየሞሉ ይልካሉ፤ የጎረቤቶቻቸውንም ያሰባስባሉ።

ሌላም አለ። በሀገራችን ለጎረቤት በቀጥታ የማይነገርን ነገር በውሻ ስም መላክ የቆየ ልማድ እንደሆነ ይታወቃል። አንዲት አሮጊት ወደ ልጃቸው ቤት ሲዛወሩ ለግቢው ያስረከቡት ውሻ ስሙ «ምን አገባህ» ይባላል። አንድ ቀን ስለ ውሾቹ ጩኸት አቤቱታ ቀርቦ አንድ የቀበሌ ሠራተኛ ፋይላቸውን ይዘው ሊያጣሩ መጡ። በሩ ሲከፈት ውሻው ሊሾልክ ሲል አንዲት ተማሪ ከውስጥ «ምን አገባህ! ተመለስ ብዬሃለሁ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ባሉበት ደርቀው ቀሩ። «ከቀበሌ ነው የመጣሁት፤ ሥራዬ ስለሆነ ያገባኛል» አሉ በተሰበረ ድምፅ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ «በማርያም ጋሼ፣ የውሻው ስም ነው!» ብላ ስትምል ውሻው ራሱ ጅራቱን እየቆላ መጥቶ ጫማቸውን አሸተተ። የቀበሌው ሰው ቁጭ ብለው ቡና ጠጡ፣ የጩኸቱም ጉዳይ በመግባባት አለቀ። ዋናው ነገር ግን በቀጣዩ የክትባት ቀን የራሳቸውን የቤት ውሻ በገመድ እየጎተቱ ከሰልፉ መገኘታቸው ነው።

እንዲህ ያለውን ሁሉ የምጽፈው ለማሳቅ ብቻ አይደለም። ውሻን ለመከተብ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ የመንደር ውሻ ደግሞ የሚያዘው ለሚያውቀው ሰው ነው። በሽታው በአንድ አካባቢ እንዳይዛመት ለማድረግ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህን ቁጥር ማንም ባለሙያ ከመኪና ወርዶ በአንድ ቀን ሊደርስበት አይችልም። ውሻውን በስሙ የሚጠራ፣ የትኛው ደጃፍ እንደሚያድር የሚያውቅና ከባለቤቱ ጋር ቡና የጠጣ ሰው ያስፈልጋል።

በክትባቱ ቀን ያየሁት ይህንኑ ያጠናክርልኛል። በከተማችን መንገድ ላይ የሚንከራተተው ውሻ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት ልክ አይደለም፤ ብዙዎቹ ቀን የሚለቀቁ የቤት ውሾች ናቸው። ሰው የነከሰ ዕለት ግን የእኔ ነው የሚል አይገኝም። ክትባቱ በነጻ ነው በተባለበት በዚያ ቀን ለአንድ ቡናማ ውሻ ሦስት ባለቤቶች ቆሙለት፤ የሱቁ ባለቤት፣ የጋራዡ ጥበቃና ቁርስ የምታበላው ሻይ ሻጭ። መዝጋቢዋ ተማሪ ክርክሩን ስትሰማ ቆይታ ሦስቱንም ስሞች «ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ ጻፈቻቸውና ሦስቱንም አስፈረመቻቸው። ይህች ልጅ ትልቅ ነገር ሠርታለች፤ ውሻው ከእንግዲህ የሚጠየቁለት ሰዎች አሉት። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ትንሽ ልጅ ደብተሮቹን በብብቱ አቅፎ ቆሟል፤ በትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ ቡችላ ነበረች። ሐኪም ለመሆን የተቃረበው ተማሪ ተንበርክኮ የቡችላዋን የማጅራት ቆዳ በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ መርፌውን ሲያስገባ ቡችላዋ እጁን ትልስ ነበር። ዓይኑን የጨፈነው ግዙፉ የጋራዥ ጥበቃ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ከሚነከሱት ከአሥሩ አራቱ ገደማ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ ከሞከረ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ግን መከላከያ አለው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበል መጠመቅ የሚሻ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን ለነገ አያሳድር። ልጆቹ ይህንን ለእያንዳንዱ ጎብኚ ሳይሰለቹ ይናገራሉ፤ ከአንዳንድ የግድግዳ ማስታወቂያ ይልቅ የእነርሱ ቃል ብዙ ሕይወት ያድናል የሚል እምነት አለኝ።

በሀገራችን ከተሞች ለረጅም ዘመን የተሠራበት ዘዴ መርዝ ነው። ስትሪክኒን የተቀላቀለበት ሥጋ ሌሊት ይበተናል፣ ጠዋት ሬሳ ይሰበሰባል። ይህን የምቃወመው ጭካኔው ስለሚያመኝ ነው፤ የዚያኑ ያህል ደግሞ ስለማይጠቅም ነው። መርዝ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። በሞቱት ፋንታ ከዳርቻ ያልተከተቡ ውሾች ይገባሉ፤ የተረፉትም በቀረው ምግብ ላይ በፍጥነት ይራባሉ። አንዲት ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው ስለ ሴቶቹ የሚጨነቁት። አብዛኛው ቤተሰብ ለጥበቃ የሚፈልገው ወንድ ውሻ ስለሆነ ሴት ቡችሎች በጆንያ ተቋጥረው ቀሐና አንገረብ ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ግቢው ውስጥ ካሉት የሚበዙት ከዚያ የተለቀሙ ናቸው። መምህርቷ በጀርባቸው ሻል አስረው፣ ውስጡ ገና ዓይኗን ያልገለጠች ቡችላ ይዘው ወተት በጡጦ ሲያጠቡ ያያቸው መንገደኛ «እንኳን ማርያም ማረችዎት፤ የልጅ ልጅ ነው?» ብሎ እንደ ጠየቃቸውና እርሳቸውም ሳያፍሩ «አዎን፣ ስድስተኛዋ ናት» እንዳሉት በግቢው እስካሁን ይወራል።

ነገሩ ከከተማው አልፎ ወደ ተራራው ይሻገራል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደባርቅ በኩል የሚገባበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከቀይ ቀበሮ ጥቂት መኖሪያዎች አንዱ ነው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከውሾች የተዛመተው በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በሰሜኑ ተራራ ግርጌ ያሉ የገበሬ ውሾች የጎንደርን ልጆች የመሰለ ወዳጅ ያስፈልጋቸዋል።

ከከተማ አስተዳደሩ የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የእንስሳት ጤናና የሰው ጤና ጽሕፈት ቤቶች ክትባቱን ለእነዚህ ልጆች በየጊዜው ቢያቀርቡ፣ ማደንዘዣና የማምከኛ መሣሪያ ቢገኝ፣ የመርዝ ሥጋ መበተንም በመመሪያ ቢቆም ሥራው በእጥፍ ይራመዳል። በየዓመቱ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ውሾቹን ይዘው እንዳይሰደዱም አንድ ቋሚ ቦታ ሊታሰብላቸው ይገባል። ከነዋሪው ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ውሻው የወለደችበት ሰው ጆንያ ከመፈለጉ በፊት ወደ ግቢው ይምጣ። ቡችሎቹን ጡት እስኪጥሉ ድረስ ስምንት ሳምንት ያህል ብቻ ያቆያቸው፤ እናቲቱን ማምከኑንና ለቡችሎቹ ቤት መፈለጉን ልጆቹ ይሠሩታል።