ከተቃጠለ በኋላ በማሽን

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት የድሮ ሰዎች ችኩሎች ነበሩ። ቅጠል ቆርጦ እሳት መምታት ማንም አያቅተውም። ጥበቡ እሳቱን እያዩ ማሽን መጠበቁ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምስጋናዬ በዚህ ጥበብ ለተካነው ሰው ነው። የዓለም ሙቀት መጨመር ነገር በተነሳ ቁጥር እግሩን አነባብሮ «አታካብዱ፣ ቴክኖሎጂ ይፈታዋል» ለሚለው።

ትዕግስቱ ይገርመኛል። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬኒየስ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው በ1896 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ያውም በወረቀትና በእርሳስ፣ ኮምፒውተር በሌለበት። የእኛ ሰው አልተረበሸም። በ1958 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርለስ ኪሊንግ ሃዋይ ተራራ ላይ ልኬት ሲጀምር፣ ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አሁን 420ን አልፏል። አሁንም አልተረበሸም። ማሽኑ እየመጣ ነዋ!

ደግሞም መጣ። በ2021 አይስላንድ ውስጥ ኦርካ የሚባል ማሽን ሥራ ጀመረ። የመርከብ ኮንቴይነር በሚያካክሉ ሣጥኖች ውስጥ ትልልቅ ማራገቢያዎች ተደርድረው አየር ይስባሉ። ማጣሪያው ካርቦኑን ያስቀራል። ማጣሪያው ሲሞላ ይሞቅና ካርቦኑን ይለቃል። ከዚያ ከውሃ ጋር ተደባልቆ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ከአለቱ ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ይሆናል። እውነቴን ነው፣ ድንጋይ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሰማ አፌን ይዤ ነበር።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁት። ኦርካ የተሠራው በዓመት 4,000 ቶን እንዲለቅም ነው። ዓለም ደግሞ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ እያነደደ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይለቃል። ማለትም ኦርካ ዓመቱን ሙሉ ቀን ከሌት የለቀመውን እኛ በሦስት ሰከንድ ተኩል መልሰን እንበትነዋለን። አንዴ ለማዛጋት የምትበቃ ጊዜ ናት። በ2024 ማሞዝ የሚባል ታላቅ ወንድም ተወለደለት፤ አቅሙ ሲሞላ 36,000 ቶን። ይኼኛው ግማሽ ደቂቃ ያቆየናል። ማዛጋት ብቻ ሳይሆን መንጠራራትም ይቻላል።

ማሽኑን እንዳማሁት አይቆጠርብኝ። ምስኪን፣ ሥራውን ይሠራል። አደራው ነው የበዛበት።

የእኛን ሰው ማስከፋት ከፈለጋችሁ፣ ተሠርቶ ያለቀ ቴክኖሎጂ አንሱበት። የፀሐይ ፓነል ዋጋ ከ2010 በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት 90 በመቶ ገደማ ወረደ በሉት። ፊቱ ይጠቁራል። ሙቀት የማያስገባ ጣሪያ፣ ብዙ ሰው የሚጭን አውቶቡስ፣ የብስክሌት መንገድ በሉት። ያዛጋል። እውነቱን ነው እኮ! አውቶቡስ ምን ተስፋ አለው? ዛሬውኑ ተሳፈሩብኝ ይላል። ጨዋ ቴክኖሎጂ ግን 2050 ድረስ ማንንም አያስቸግርም።

«ማኅበረሰቡስ ምን አደረገ?» የሚል አይጠፋም። ማኅበረሰቡማ ተሰብስቧል! በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ግላስጎው ላይ በ2021 ሁለት ሳምንት ሙሉ ተመክሮ፣ የድንጋይ ከሰልን ነገር «ደረጃ በደረጃ ማስቀረት» የሚለው ቃል በመጨረሻው ሰዓት «ደረጃ በደረጃ መቀነስ» ተባለ። በአንዲት ግስ ስንት ማዕድን እንደተረፈ አስቡት። በ2023 ዱባይ ላይ ደግሞ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተገኘ፤ ዓለም ከከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ወደ ሌላ እንዲሸጋገር በግልጽ ተጠየቀ። ጉባኤው 28ኛው ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች 28 ጊዜ ተገናኝተው «እሳት» የሚለውን ቃል ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር ሲችሉ ማጨብጨብ ነውር የለውም።

እኔም ባለፈው በአቅሜ ተሰብስቤ ነበር፣ ስለ ኃይል ቁጠባ። የአዳራሹ ኤሲ 16 ዲግሪ ላይ ነው። አቅራቢው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ስለ ምድር መሞቅ ያስረዳል። ስክሪኑ ላይ ምድር በእሳት ትነድዳለች፤ እኛ እጃችንን እናሻሻለን። አጠገቤ ያሉ ሴትዮ ሻርፓቸውን ተከናንበው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል።

«ኧረ ኤሲውን ቀንሱት» አለ አንዱ። ሪሞት ተፈለገ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከመጋረጃው ሥር ተገኘ። ባትሪው አልቋል። ውይይት ተከፈተ። አንድ ወጣት ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቆጥሮ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል፣ ከስልክ የሚታዘዝ ሲስተም እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ እንዲሞቅልኝ።

ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ብድግ አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ አደረገችው። ኤሲው ዝም አለ። አዳራሹም ዝም አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ቴክኒሻን ተጠርቷል እኮ።»

መልሳ አበራችው።