ትናንት የነበረችው ልጅ

የግንባታ ፈቃድ በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ፤ የሚወስንና የሚታይ። የሚወስነው አይታይም፤ የሚታየው አይወስንም። እኔ ከሚታዩት ወገን ነኝ። ሥራዬ መስኮት ላይ ተቀምጬ፣ ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ያልፈረመውን ወረቀት ለምን እንዳልፈረመ ማስረዳት ነው፤ ምክንያቱን ለእኔም ሳይነግረኝ። ለዚህ ሥራ «የደንበኞች አገልግሎት ባለሙያ» የሚል መጠሪያ ተሰጥቶኛል። ባለጉዳዮች በበኩላቸው ያወጡልኝ ሌሎች መጠሪያዎች አሉ፤ እነርሱን ለጊዜው እንዝለላቸው።

በባለጉዳዩና በእኔ መካከል መስታወት አለ። መስታወቱ ላይ ለድምፅ ማለፊያ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ የተበሳው ግን በማንም ሰው አፍ ትክክል አይደለም። ረጅሙ ይጎነበሳል፣ አጭሩ ይንጠራራል። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ ገና ጉዳዩን ሳይናገር ወገቡን ታሞ ይጀምራል። መሐንዲስ በሞላበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ በልኳ መብሳት ያልተቻለበትን ምክንያት እስካሁን የነገረኝ የለም።

ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው «አንዲት ጥያቄ ብቻ» የሚለው ሰው ነው። ወረፋ አይዝም፤ ጥያቄ ብቻ ነዋ! ከጎን ጠጋ ብሎ ፊቴ በቆመው ባለጉዳይ ትከሻ ላይ አሻግሮ ይጠይቀኛል። ያቺ አንዲት ጥያቄ ስትዘረዘር ግን የአባት ውርስ፣ ለወንድም የተሰጠ ውክልና፣ የጠፋ የይዞታ ማረጋገጫና ገና ያልተቋጨ የድንበር ክርክር ሆና ታርፈዋለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ እርሱን ተከትሎ ሌላ አንዲት ጥያቄ ይገባል፤ ከዚያም ሌላ። በማለዳ መጥተው በሥርዓት የተሰለፉት እናት ጥያቄ የላቸውም። የያዙት የተሟላ ሰነድ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ይስተናገዳሉ።

ከባለጉዳዮች ሁሉ የማደንቀው ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበትን ነው። «ቤት ለመሥራት አስቤ ነበር» ይላል።

«መቼ ሊጀምሩ አስበዋል?»

«ኧረ ገና ነው። ፈቃዱ ሳይገኝ እንዴት ተደርጎ!»

ይህን እያለ ስልኩ ይጮኻል። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ጩኸት በሚበዛበት ቦታ እንደሚሠራ ያስታውቃል፤ «የሁለተኛው ፎቅ ብረት አልበቃም!» የሚለው መስታወቱን አልፎ ይደርሰኛል። እንግዲህ ቀዳዳው አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። እንተያያለን። «የወንድሜ ቤት ነው» ይለኛል። ትንሽ ሰንበት ብሎ ወንድምየውም ይመጣል። እርሱም ቤት ለመሥራት አስቧል። የእርሱ ጫማ ላይ ያለው ደግሞ ቀለም ነው፤ ከወንድሙ ይልቅ በሐሳቡ ገፍቷል ማለት ነው።

ንድፍ አምጡ ሲባሉ የሚያመጡት ነገር ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። «የእህቴ ልጅ ነው የነደፈው፤ ሥዕል ይችላል» አሉኝ አንዱ። በእርግጥም ይችላል። ከቤቱ ፊት ዛፍ አለ፣ ከዛፉ በላይ ወፎች፣ ከወፎቹ በላይ የምትስቅ ፀሐይ። የሌለው መለኪያ፣ የሰሜን አቅጣጫ ምልክትና ከአጥሩ ያለው ርቀት ነው። ፀሐይዋን አይቼ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ለመገመት ሞክሬያለሁ። ደረጃው በሚያምር ሁኔታ ተጠማዝዞ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ቤቱ ግን ባለ አንድ ፎቅ ነው።

ለራሱ ምንም የማይፈልግ ባለጉዳይም አለን። የሚመጣው ስለ ጎረቤቱ ነው። የጎረቤቱን ግድግዳ ቁመት በሴንቲሜትር ያውቃል፣ የመስኮቶቹን ቁጥር ያውቃል፣ አሸዋው የተራገፈበትን ሰዓት ያውቃል። እንዲህ ያለ ትጉህ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤታችን ደመወዝ ከፍሎ እንኳን አግኝቶ አያውቅም። የራስዎ ቤት ፈቃድ አለው ወይ ብለው የጠየቁት ዕለት ግን «ለመሆኑ ሰዓቱ ስንት ሆነ?» ብሎ ይሄዳል።

እነዚህ ሁሉ ቀላል ናቸው። ያቃተችኝ ትናንት የነበረችው ልጅ ናት።

«ትናንት የነበረችው ልጅ ይህ ወረቀት አያስፈልግም ብላኛለች።» «ትናንት የነበረችው ልጅ በኮፒው ይበቃል ብላኛለች።» «ትናንት የነበረችው ልጅ ዛሬ ተፈርሞ ይጠብቅዎታል ብላ ነው የሸኘችኝ።» ከዚህች ልጅ ጋር ብተዋወቅ ደስ ይለኛል። ፊቷ ፈገግታ አይለየውም፣ ማኅተም አታስጠብቅም፣ ፋይል ጠፋ አትልም፣ ሲስተም ተቋርጧል የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ዕረፍት ወጥተው መስኮቱን ብቻዬን ይዤ ሳለ፣ አንድ አዛውንት ስለ እርሷ አነሡብኝ። «አባቴ፣ ትናንት እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ትኩር ብለው አዩኝ።

«አይ የኔ ልጅ፣ አንቺ አይደለሽም። እርሷ ደግ ናት።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ገብቶኛል። ነገም መስኮቱ ላይ ስቀመጥ ዛሬ ከነበረችው ልጅ ጋር እነጻጸራለሁ፤ እርግጠኛ ነኝ፣ ትበልጠኛለች።

«ይህ ሁሉ ቅጽ ለምንድን ነው?» ይሉኛል። መልስ አለኝ፤ ቆሞ የሚሰማ ባይኖርም። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ድንጋይ ላይ ያስቀረጻቸው ሕጎች 282 ያህል ናቸው። ስለ ግንበኛም ይናገራሉ። የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው ይገደል፤ የባለቤቱን ልጅ ከገደለ የግንበኛው ልጅ ይገደል። ቅጽ የለም፣ ኮፒ የለም፣ መስኮት የለም። ይህን ለሲሚንቶ ጫማው ባለጉዳይ ብነግረው ጥቂት አሰበና «አጠር ያለ አሠራር ነበር» አለኝ፤ በቅናት።

እ.ኤ.አ. በ1666 ደግሞ ለንደን ላይ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት ከ13,000 በላይ ቤት በላ። አብዛኛው የእንጨት ቤት ነበር፣ ያውም እርስ በርሱ ተጠጋግቶ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ የቤቱ የውጭ ግድግዳ ከጡብ ወይም ከድንጋይ ይሁን፣ መንገዱም ይስፋ አለ። እንግዲህ «ግድግዳው ከምን ይሠራል?» እና «ከጎረቤት ምን ያህል ይርቃል?» የሚሉት ሳጥኖች ከአመድ የወጡ ናቸው። ባለጉዳዩ ቢገላምጠኝም ባይገላምጠኝም እነርሱን አክብሬ አስሞላለሁ። «የፋክስ ቁጥር» የሚለው ሳጥን ከየትኛው ቃጠሎ እንደተረፈ ግን ልደርስበት አልቻልኩም። ሦስተኛው ኮፒም እንዲሁ ነው። አንዱ ለፋይሉ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ ሦስተኛው ሁለቱ ቢጠፉ ይባላል። ሲጠፉ ግን ሦስቱም ተያይዘው ነው የሚጠፉት።

አለቃችን አልፎ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። የሚወርደውም፣ በምን ዕድል እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ ወረፋው ባለቀባት ቅጽበት ነው። እጄን አጣጥፌ ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁራል፤ በማግሥቱ ከሁለቱ መስኮት አንዱ «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» ይዘጋል። ለዚህም ሒሳብ አለ። ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ፣ ኮፐንሃገን በሚገኝ የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎችን አመጣጥ በዕድል ሒሳብ ማስላት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ የዳበረው የወረፋ ስሌት እንዲህ ይላል፤ ባለጉዳዮች በቀጠሮ ሳይሆን እንደመጣላቸው የሚመጡ፣ የአንዱ ጉዳይ አጭር የሌላው ረጅም የሚሆን ከሆነ፣ አንዲት አስተናጋጅ ከሰዓቷ 50 በመቶውን ብትሠራ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው በአማካይ አንድ እንኳን አይሞላም። 90 በመቶውን ብትሠራ ስምንት ሰው ይሰለፋል። 95 በመቶ ላይ አሥራ ስምንት ይደርሳል። ሥራ የጨመረችው ጥቂት ነው፤ ወረፋው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ በላይ ያለውን ለማስላት ከሕንፃው ውጭ ያለውን ግቢም መለካት ያስፈልጋል። አለቃችን «ሥራ ፈትነት» የሚላት ያቺ የእኔ ባዶ ደቂቃ፣ ባለጉዳዩ ቤቱ በጊዜ የሚገባባት ደቂቃ ናት። ይህን በጽሑፍ አቀረብኩ። ጽሑፉ ሦስት ኮፒ ስላልነበረው ተመለሰ።

ወረፋው ሲረዝምና ቅሬታ ሲበዛ የተገኘው መፍትሔ ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ መስኮት ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ይህ ነፃ አስተሳሰብ ሰጥቶታል። ባለጉዳይ ሲሳደብ ከልብ ፈገግ በሉ አለን። ሞክሬዋለሁ። የሚሳደብ ሰው ፊት ከልብ ፈገግ ማለት ስድቡን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ «ትስቂብኛለሽ?» የሚል አዲስ ምዕራፍም ይከፍታል። ሥልጠናው ሲካሄድ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው፣ «ውድ ደንበኞቻችን፣ በደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ምክንያት አገልግሎት የማንሰጥ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ትሕትናው ከሥልጠናው የተገኘ የመጀመሪያው ፍሬ መሆኑ ነው።

«አለቃሽን አገናኚኝ!» የሚለው ባለጉዳይ የድካም ማረፊያዬ ነው። ደስ እያለኝ አገናኘዋለሁ። አለቃዬ ወንበር ይሰጠዋል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ እኔ የነገርኩትን ያንኑ ቃል በቃል፣ ግን ቀስ ብሎ ይነግረዋል። ባለጉዳዩ እጅ ነሥቶ ይወጣል። በመስኮቴ በኩል ሲያልፍም ቆም ብሎ ይመክረኛል፤ «አየሽ እህቴ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው። የሚያስፈልገኝን ወረቀት አስረዳኝ።» ወረቀቱ እኔ የጠየቅኩት ነው። የተለየው ወንበሩ ነው። ለመስኮቱም ወንበር ይሰጠን ብለን ነበር፤ ባለጉዳይ ከተቀመጠ ይቆያል ተባልን።

«ደመወዝሽን የምከፍለው እኔ ነኝ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ግብር ከፋይ ናቸው። እኔም ግብር ከፋይ ስለሆንኩ ከደመወዜ ጥቂቷን ለራሴ የምከፍለው እኔው ነኝ፤ በዚያች ድርሻዬ ልክ ራሴን ልቆጣ አስቤ ጊዜ አጣሁ።

ዘንድሮ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሆኗል። ባለጉዳይ ቤቱ ተቀምጦ ማመልከቻውን ይልካል፤ ከእንግዲህ መስኮት መምጣት ቀረ ተብሎ ተነገረ። ማመልከቻው ላይ ግን አንድ የምዝገባ ቁጥር መሞላት አለበት፤ ቁጥሩን የምሰጠው እኔ ነኝ፣ መስኮት ላይ። ስለዚህ ሰዎች መስኮት መምጣት የሚያስቀረውን ቁጥር ለመውሰድ መስኮት ይመጣሉ። ወረፋውም ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ቁጥር ለመውሰድ፣ አንዱ ቁጥሩ ለምን አልሠራም ለማለት።

ባለፈው የሲሚንቶ ጫማው ሰው በሁለተኛው ወረፋ መጣ። በእጁ ያተመው አንድ ገጽ አለ፤ «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

«ማነው ያልተቀበለው?» አለኝ ጎንበስ ብሎ።

«ሲስተሙ ነው።»

«ለምን?»

«ምክንያቱን አልጻፈም።»

«አለቃው ማነው?»

«አለቃ የለውም።»

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከኋላው ባዶ ነው። «እሺ፣ እንግዲህ ማን ላይ ልጩህ?» አለኝ፤ የምሩን ነበር።

«እኔ ላይ ነዋ! ምን ልሠራ ተቀመጥኩ?» አልኩት። ቀዳዳው እንዲመቸው ወደ ግራ ትንሽ ፈቀቅ እንዲልም ነገርኩት።